ያልተሰፋው ማንገቻ

በሥራው የማያጭበረብር ሰው በቃሉም አያጭበረብርም የሚል ፍርድ አለ። ብዙዎች ያምኑበታል፤ ማመኑም አይከብድም። የሰውን ሥራ አንሥቶ መገልበጥ፣ ስፌቱን መቁጠር፣ ጠርዙን በጣት መዳሰስ ይቻላል፤ ቃሉን ግን እንዲህ ገልብጦ ለማየት ጊዜ ያስፈልጋል፣ አንዳንዴም ጉዳት። ስለዚህ በሚታየው የማይታየውን መዝነን እናልፋለን። ይህ ሚዛን ምን ያህል እንደሚታመን በአንድ ቆዳ ሠራተኛ ሕይወት መፈተን ይቻላል።

ሰውየውን ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይለዋል። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ የወጣበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። የአንድ ቀበቶ ቀዳዳ ከሌላው በአንድ ሚሊሜትር ቢዛነፍ ቀበቶውን ቆርጦ ይጥለዋል። ሱቁ ከባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ያለች፣ አንድ መስኮት ወደ መንገድ የምታሳይ ጠባብ ክፍል ናት። በመስኮቱ ሥር ሠላሳ ዓመት የተቀመጠባት በርጩማ አለች፤ መሐሏ ጎድጉዷል። ጠረጴዛው ላይ ቆዳ የሚሳሳበት የእምነበረድ ቁራጭ ተቀምጧል። ወስፌዎቹ በግድግዳው ላይ በየቁመታቸው ተሰክተዋል፤ አንዱ ከቦታው ቢነሣ ክፍተቱ እንደ ወለቀ ጥርስ ይታያል። ከበሩ ጀርባ በጠመኔ ልክ የሚጻፍበት ጥቁር ሰሌዳ አለ።

አነጋገሩም እንደ አቆራረጡ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሴት ማንጠልጠያው የተበጠሰ ቦርሳ ይዛ መጣች።

«ይኼ ቆዳ አይደለም» አላት ገና ሳይቀበላት። «ቀለም የተቀባ ወረቀት ነው።»

«ወረቀትም ቢሆን ይስፉልኛ።»

«አይሆንም።»

«ለምን? እጅዎ ያለው ክር አይደለም?»

«ነገ ይቀደድና ሚሊሜትር ነው የሰፋልኝ ይላሉ።»

«እሺ፣ አልልም።»

«እርስዎ ባይሉም እኔ አውቀዋለሁ።»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንሥታ ስትወጣ በር ላይ ለቆመ ሰው «አፉ ከወስፌው ይብሳል» አለች። ሰምቷታል፤ አልተቀየመም። እንዲያውም ደስ ሳይለው አልቀረም። በሰፈሩ ሚሊሜትር ሲወለድ ያለቀሰው «አይሆንም» እያለ ነው እየተባለ ይቀለድበት ነበር፤ እሱም ቀልዱን እንደ ምስክር ወረቀት ይቆጥረው ነበር። ሰው ከዚህ ሱቅ ሲወጣ የያዘውን ያውቃል፤ ይሆናል የተባለው ይሆናል፣ አይሆንም የተባለው አይሆንም። ይህን ልንነሣው አይገባም።

ከሚሠራቸው ነገሮች ሁሉ የሚኮራበት የአደን ጠመንጃ ማንገቻ ነበር። ከከተማው ዳር ሸንበቆ የከበበው ሐይቅ አለ፤ ፈቃድ ያላቸው አዳኞች ወቅቱ ሲከፈት እሁድ እሁድ ዳክዬና ቆቅ ሊያድኑ ይወጣሉ። ማንገቻ ለማያውቀው ቀላል ነገር ነው፤ ሁለት ጫፍ ያለው ጠፍር። ለሚሊሜትር ግን የተጻፈ ሕግ ያህል ሥርዓት ነበረው። ስፋቱ ከአራት ሳንቲሜትር ካነሰ ትከሻ ይቆርጣል። ዘለበቱ ከእንጨቱ ጋር ከተነካካ ሰደፉን ይፍቀዋል። ጫፎቹ በጠመንጃው ሁለት ቀለበቶች ውስጥ አልፈው፣ ተመልሰው፣ መሰፋት አለባቸው። መንጠቆ ያለው ማንገቻ የጠየቀውን አዳኝ ሁሉ መልሷል። «መንጠቆ ለቦርሳ ነው» ይላል፤ «ቦርሳ ቢወድቅ ይነሣል።»

ሠርቶ ሲጨርስም ዝም ብሎ አይሰጥም። ባለ ጠመንጃው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ጠመንጃውን ከመጋጠሚያው አጥፎ ባዶነቱን ያሳየዋል። ከዚያ ያነግታል፣ ያወርዳል፣ እንደገና ያነግታል፤ ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ ሁሌ አንድ ነገር ይነገረዋል፦ «ጠመንጃ እጅህ ላይ ሳለ ታስበዋለህ። ትከሻህ ላይ ሲሆን ትረሳዋለህ። ከማንገትህ በፊት ጥይቱን አውጣ።» አዳኞቹ ከሚሊሜትር ማንገቻ ከማግኘት መንጃ ፈቃድ ማውጣት ይቀላል እያሉ ይስቁ ነበር። እየሳቁም ጥይቱን ያወጡ ነበር።

አንድ ታናሽ ወንድም አለው። ፖስተኛ ነው፤ ሃያ ዓመት በብስክሌትና በእግር ደብዳቤ ያደለ፣ ከየበሩ ጨዋታ ሳይዝ የማይመለስ፣ ወንድሙ የቆጠበውን ሳቅ ሁሉ እሱ የወሰደ የሚመስል ሰው። በስድስት ዓመት ስለሚበልጠው ታላቁን «ጋሼ» ይለዋል። በሁለቱ መካከል አንድ የማይነሣ ነገር ነበር፤ የአባታቸው ጠመንጃ።

አባታቸው ግንበኛ ነበር። ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ መምቻዎቹ በውጭ የሚታዩ አሮጌ የአደን ጠመንጃ ነበረው። ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ በየሳምንቱ ብረቱን በዘይት የወለወለው፣ እንጨቱን በጨርቅ ያሸው ታላቅየው ነበር። አባትየው ሊሞት ሲል ግን ጠመንጃውን ለታናሹ ሰጠ። «ታላቅየው እጁ ለወስፌ ነው» አለ፤ «ጠመንጃው ለሚተኩስበት ይሁን።» ፍርዱ ትክክል ነበር። ታላቅየው በሕይወቱ ተኩሶ መትቶ ያውቃል ከተባለ የመታው አንድ የውሃ በርሜል ነው። ትክክል መሆኑ ግን ሕመሙን አልቀነሰለትም፤ የተሳሳተ ፍርድ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ መከራከር ይችል ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ነገር ለማንም፣ ለሚስቱ እንኳ፣ አልተናገረም።

በዚያ ዓመት ፖስተኛው ከብስክሌት ወድቆ የቀኝ እጁን አንጓ ሰበረ። አጥንቱ ገጠመ፤ ኃይሉ ግን አልተመለሰም። የአደን ወቅት ሊከፈት አምስት ሳምንት ሲቀረው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ሱቁ መጣ።

«ምን ተሸክመህ ነው? ሕፃን ነው?» አለው ሚሊሜትር።

«ሕፃን ቢሆን እስካሁን አንተን አይቶ ያለቅስ ነበር። የአባባ ጠመንጃ ናት፣ ጋሼ።»

ብርድ ልብሱ ተፈታ። ሚሊሜትር ጠመንጃውን ካየው ዓመታት አልፈዋል። አውራ ጣቱን በሰደፉ ላይ ሳበው፤ እንጨቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ይኼ ዘይት ካየ ስንት ጊዜው ነው?»

«አምና ቀብቼዋለሁ መሰለኝ።»

«መሰለኝ?»

«እንግዲህ ጀመርክ። የመጣሁት ለምርመራ አይደለም።» ፖስተኛው የቀኝ እጁን ዘርግቶ አሳየው። «ይቺ ግማሽ ሰዓት አትሸከምልኝም። ማንገቻ ሥራልኝና ትከሻዬ ይሸከም። ትከሻዬ እንደሆነ የሰው ደብዳቤ ሲሸከም ነው የኖረው፤ ለአንድ ጠመንጃ አያማርርም።»

ሚሊሜትር ሜትሩን ከመንጠልጠያው አወረደ። ይህን ያደረገው አስቦበት አይደለም፤ ሰው ማንገቻ ሲል እጁ ወደ ሜትሩ ይሄዳል። ከቀለበት እስከ ቀለበት ለካ። ወንድሙን አዙሮ ከትከሻው እስከ ሽንጡ ለካ። ከበሩ ጀርባ ባለው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ «1.20» ብሎ ጻፈ።

«ቡኒ አድርገው» አለ ፖስተኛው ብርድ ልብሱን እየጠቀለለ። «ጥቁር የቀብር ይመስላል።»

«እናያለን» አለው ሚሊሜትር።

«እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ ቋንቋውን የሚናገር ሁሉ ያውቃል። ኃላፊው ማመልከቻ ተቀብሎ «እናያለን» ሲል ባለጉዳዩ ኮፍያውን አንሥቶ ይወጣል። አከራዩ ስለሚያፈሰው ጣሪያ «እናያለን» ሲል ተከራዩ ሄዶ ባልዲ ይገዛል። ቃሉ እምቢታ ነው፤ እምቢ ያለው ሰው ግን እምቢ ባይ እንዳይባል ይሸፍነዋል። ፖስተኛውም ይህን አያውቅም አይባልም፤ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ሲሰማው የኖረ ሰው ነው። ከወንድሙ አፍ ግን ሰምቶት አያውቅም። ወንድሙ የማይሆነውን አይሆንም የሚል ሰው ነው፤ አይሆንም ካላለ ይሆናል ማለት ነው። ልክ ለክቷል፣ በሰሌዳ ላይ ጽፏል። ስለዚህ ፖስተኛው የዚያን ዕለት ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ «ማንገቻውን ጋሼ እየሠራልኝ ነው» አላት። ሰውየው ዕድሜ ልኩን በእውነተኛነት ያገኘው እምነት በዚያች ቀን ሐሰቱን ሸፈነለት።

የሚሊሜትር ባለቤት ግን ቃሉን ታውቀዋለች። በማግስቱ ምሳ ላይ ስለ ጉዳዩ ስትሰማ እጇን ከሳህኑ አነሣች።

«እናያለን አልከው?»

«አዎ።»

«የሳሎኑን ግድግዳ ቀለም እናስቀባው ስልህ ምን ነበር ያልከኝ?»

«እሱ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?»

«እናያለን ነው ያልከኝ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት እያየነው ነው።»

መብላቱን ቀጠለ።

«እንግዲያው አትሠራለትም ማለት ነው» አለች። «ንገረው።»

«ይገባዋል።»

«በምን ይገባዋል? እኔ ሚስትህ ስለሆንኩ ገባኝ። አንተ እኮ ለሠርጉ ቀበቶ የቸኮለ ሙሽራ ሲለምንህ እንኳ አይሆንም ብለህ የመለስክ ሰው ነህ። ደግሞስ ለምንድን ነው የማትሠራለት?»

«ቡኒ ቆዳ የለኝም።»

«ልብስህን ባጠብኩ ቁጥር ውሃው ቡኒ ነው የሚሆነው» አለችና ሳህኑን አነሣች።

ሴትዮዋ እውነቱን አላገኘችውም፤ ውሸቱን ግን አግኝታዋለች። በዚያን ሰዓት ነገሩ ሁሉ ገና ሊድን ይችል ነበር። ከሱቁ እስከ ፖስታ ቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።

ፖስተኛው በየሳምንቱ የሱቁን ደብዳቤ ሲያደርስ ከብስክሌቱ ሳይወርድ አንገቱን በመስኮት ያስገባል።

«ማንገቻዬስ? ጥርስ አወጣች?»

«ሥራ በዝቷል።»

«እሺ ጋሼ፣ አላስቸኩልህም። ደግሞ በችኮላ የተሠራ ይሰጠኛል ብዬ አልፈራም፤ አንተን እየፈራሁ ነው ያደግሁት» ብሎ ደወሉን እያቃጨለ ይሄዳል። ሥራ አልበዛም ነበር። በዚያ ሳምንት ጠረጴዛው ላይ የነበረው አንድ የትምህርት ቤት ቦርሳና ሁለት የጫማ ማሰሪያ ነበር።

በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሚሊሜትር ከመደርደሪያው ቡኒ ቆዳ አወረደ። የጀርባ ቆዳ ነው፤ ከአንድ በሬ ላይ ከዚያ የሚሻል አይወጣም። በአራት ሳንቲሜትር ስፋት ቀጥ አድርጎ ቆረጠው። ለእጥፋቱ የሚሆነውን ጨምሮ ቁመቱን ለካ። ጠርዙን ሞረደ፣ በሰም አሸ፣ አበራ። የቀረው ሁለት ጫፎቹን አቅጥኖ፣ ጠመንጃው ሲመጣ በቀለበቶቹ አሳልፎ መስፋት ብቻ ነበር፤ የአንድ ሰዓት ሥራ።

ያን ጊዜ ጠፍሩን በገዛ ትከሻው ላይ አደረገው። የተሰነጠቀው ሰደፍ ትዝ አለው። ከዚህ በኋላ በየወቅቱ፣ በየእሁዱ፣ ወንድሙ በዚህ መስኮት ሥር ጠመንጃውን አንግቶ ሲያልፍ ታየው፤ በወጉ ያልያዘውን ጠመንጃ፣ እሱ ባበጀው ማንገቻ። ጠፍሩን ከትከሻው አወረደና በእምነበረዱ ላይ ዘረጋው። በሜትር ለክቶ መካከሉን አገኘ። ቆረጠው። ከሁለቱ ቁራጭ ሁለት የልጅ ቀበቶ ሠራ፤ ቀዳዳዎቻቸው አንድ ሚሊሜትር አልተዛነፉም። በመስኮቱ ላይ ሰቀላቸው።

ሰኞ ሚስቱ መጥታ ቀበቶዎቹን አየች፤ ከዚያ ሰሌዳው ላይ ያለውን «1.20» አየች።

«ቡኒ ቆዳ የለኝም አላልክም?»

«ትርፍራፊ ነው።»

ቀበቶዎቹን በጣቷ ነክታ ወጣች። እሱ ክሩን ሰም መቀባት ቀጠለ።

ወቅቱ የሚከፈተው በሚቀጥለው እሁድ ነበር። የዋዜማው ቅዳሜ ሚሊሜትር ሱቁን ረፋድ ላይ ዘጋ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሳይታመም ቅዳሜን ሲዘጋ የመጀመሪያው ነበር። ቤቱ ተቀምጦ አሮጌ ጋዜጣ አነበበ። ፖስተኛው ከሥራ ወጥቶ ሱቁ ድረስ መጣ፤ በሩን አንኳኳ፣ በመስኮቱ አጮለቀ፣ ጥቂት ጠበቀ። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ «ዛሬ ሄዷል» ሲለው «ያመመው እንዳይሆን» ብሎ ተጨንቆ እንደነበር በኋላ ተሰማ። ወንድሙ ሸሽቶታል ብሎ ሊያስብ አልቻለም።

ቤቱ ከአገልግሎት የወጣ አሮጌ የፖስታ ቦርሳ ነበረው። የቦርሳውን ጠፍር ከዓመታት በፊት የሠራለት ሚሊሜትር ነው። ጠንካራ ጠፍር ነው፤ ነገር ግን ለቦርሳ የተሠራ ስለሆነ በሁለት ጫፉ ቶሎ የሚወልቅ ባለ ሞላ መንጠቆ አለው። ፖስተኛው ጠፍሩን ፈትቶ መንጠቆዎቹን በጠመንጃው ቀለበቶች ውስጥ አስገባ። ሚስቱ «ይይዛል እንዴ?» ስትለው «የጋሼ ሥራ ነው» አላት። ይህ በቂ ማስረጃ ነበር፤ ለሷም፣ ለሱም።

እሁድ ምሳ ሰዓት ገደማ የሚሊሜትር ቤት በር ተንኳኳ። የመጣው የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ነበር፤ ከፖስተኛው ጋር ዘወትር ለአደን የሚወጣ ሰው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ እጁ ላይ የደረቀ ደም አለ፤ ጠፍሩን ይዟል።

«ወንድምዎ ተጎድቷል» አለ። «በሕይወት አለ። ሆስፒታል አስገብቼው ነው የመጣሁት።»

ነገሩን በበሩ ላይ ቆሞ ነገራቸው። ካፊያ ስለነበር ፖስተኛው ውሃ እንዳይገባበት ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ አንግቶት ነበር፤ ከነጥይቱ። ከሐይቁ ዳር ያለውን የድንጋይ ካብ ሲሻገር ጎንበስ አለ። የታችኛው መንጠቆ በቀለበቱ ውስጥ ተጣመመና ተከፈተ። ጠመንጃው ተወንጭፎ መምቻው ከድንጋይ ጋር ተጋጨ፤ ባረቀ። የጥይቱ የእርሳስ ፍንጣሪ ሁሉ በአንድ ላይ የገባው ግራ እግሩ ውስጥ ነው፣ ከቁርጭምጭሚቱ ሥር።

«ደሙ አልቆም ሲለኝ በዚሁ ጠፍር አሰርኩት» አለ የመድኃኒት ቤቱ ሰው። «የእርስዎ ሥራ ነው ብሎኝ ነበር።»

ሚሊሜትር ጠፍሩን ተቀበለ። ወደ ጫፉ አዞረው፤ ወደ ብርሃን አቅርቦ አየው፤ ሌላውንም ጫፍ አየ።

«ስፌቱ አልተፈታም» አለ።

የመድኃኒት ቤቱ ሰው አፍጥጦ ተመለከተው። «ሰውዬ፣ ወንድምዎ ሆስፒታል ነው ያለው እኮ።»

የሚሊሜትር ሚስት ነጠላዋን ለብሳ ቀድማ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሞቹ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት። ሚሊሜትር ሲደርስ የወንድሙ ሚስት ኮሪደር ላይ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ተነሥታ ሰላም አለችው፤ ቦታም ለቀቀችለት።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «አምስት ሳምንት ሙሉ ጋሼ እየሠራልኝ ነው ሲለኝ ነበር። ጨርሰውት ነበር?»

«አልጀመርኩትም ነበር።»

ይህን ማለት ቀለለው። ጀምሮት እንደነበር፣ ከአንድ ሰዓት ሥራ በቀር መጨረሱን፣ በገዛ እጁ ለሁለት መቁረጡን መናገር ግን ከበደው። ሳይዋሽ የኖረው ሰው ከሁሉ የባሰውን ውሸቱን የተናገረው በዚያ ኮሪደር ላይ፣ ቦታ ለለቀቀችለት ሴት ነው። እሷም «እሺ፣ ሥራ ይበዛብዎታል» አለች።

ፖስተኛው ነቅቶ ነበር። ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ዝቅ ብሏል።

«ጋሼ፣ ፊትህ እኔን አስታማሚ አስመሰለኝ። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ፖስተኛው። «ጥይት ሳላወጣ አነገትኩ። አባባ ቢኖር ሌላኛውንም እግሬን ይሰብርልኝ ነበር።»

«ለሌሎቹ ሁሉ እነግራቸዋለሁ» አለ ሚሊሜትር። «ማንገቻ ስሰጣቸው። አውጡ እላቸዋለሁ።»

«ለኔ አልሰጠኸኝማ፤ በምን ታገኘኝና ትነግረኝ።» ሊስቅ ሞክሮ ተወው። «ሥራ በዝቶብህ እንደነበር አውቃለሁ።»

ሚሊሜትር ወለሉን አየ። ከዚያ እውነቱን ተናገረ። «አልበዛብኝም ነበር። ልሠራልህ አልፈለግሁም።»

«ታዲያ አይሆንም አትለኝም ነበር?» አለ ፖስተኛው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ለሁሉ ሰው ትለው የለም? ገበያ ሄጄ አንድ እገዛ ነበር። ወይ ዘንድሮ ይቅር ብዬ ቤቴ እተኛ ነበር። እኔ እኮ ስጠብቅህ ነው የከረምኩት።»

«አይሆንም ብልህ ለምን ትለኝ ነበር።»

«እና ለምን ነበር?»

«ጠመንጃው ለእኔ እንዲሆን እፈልግ ነበር። አባባ ከሰጠህ ቀን ጀምሮ።»

ከመስኮቱ ውጭ አንድ መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ይሰማ ነበር። ፖስተኛው ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«በዓመት አራት እሁድ ነው የምይዘው» አለ። «ሌላውን ጊዜ ቁም ሣጥን ላይ ተጋድሞ ነው የሚውለው። አንድ ቀን ስጠኝ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

ፖስተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። «ጋሼ፣ ስትወጣ ነርሷን ጥራልኝ» አለ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ጥቂት ነው። ፖስተኛው አሁን በፖስታ ቤቱ ጓዳ ተቀምጦ ደብዳቤ በየአቅጣጫው ይለያል፤ የሚቀመጥበት ክፍል መስኮት የለውም። ጨዋታ የሚለቃቅምባቸው በሮች ለሌላ ፖስተኛ ተሰጥተዋል፤ የሚሊሜትርንም ደብዳቤ የሚያደርሰው ያ ሰው ነው፤ ከብስክሌቱ ሳይወርድ በበሩ ሥር ያስገባና ይሄዳል። ጠመንጃው ለፖሊስ ጣቢያ ገቢ ተደርጎ በዚያው ቀረ፤ ማንም አልጠየቀውም። ሁለቱ ወንድማማቾች በለቅሶና በሠርግ ይገናኛሉ። ታናሹ ዛሬም «ጋሼ» ይለዋል፤ ቀድሞ ይነሣለታል፣ በክራንቹ ተደግፎም ቢሆን። ሱቁን ግን አልረገጠም። ታናሹ ስላልተጣላው ሚሊሜትር የሚታረቀው ሰው እንኳ የለውም።

የሚሊሜትር እጅ አልተለወጠም። ስፌቱ ዛሬም ቀጥ ያለ ነው፤ መጥፎ ቆዳ ይዞ ለሚመጣ ሰው ዛሬም «አይሆንም» ይላል። ማንገቻ መሥራት ግን ትቷል። የሚያውቁት አዝኖ ነው ይላሉ፤ ማዘኑም እውነት ነው። ነገር ግን ይህም ቢሆን «ለወንድምህ ለምን አልሠራህለትም?» ከሚል ጥያቄ መሸሻ እንደሆነ ማስተዋል ይገባል። ማንገቻ መሥራት ጥፋት አልነበረም፤ ጥሩ ማንገቻ፣ ከነማስጠንቀቂያው፣ የብዙ ሰው እግር ጠብቋል። የሸሸው ጥፋት ከሌለበት ሥራ ነው፤ ጥፋቱ ከነበረበት ቃል አይደለም።

ጥይት ሳያወጣ ማንገቱ የፖስተኛው ጥፋት ነው፤ ይህን ራሱ ተናግሯል፣ ዋጋውንም ከፍሏል። የቀረውን በሱ ላይ መጫን አይቻልም። ስፌቱ እውነተኛ የነበረው ሰው ቃሉ እውነተኛ አልነበረም፤ ሁለቱን አንድ ያደረግናቸው እኛ ነን። የሥራ ጥንቃቄው ሰዎችን ስለሚወድ ነው ብለን ነበር፤ ለካስ በአብዛኛው ስሙን ስለሚወድ ነበር። ስሙ የማይነካበት ቦታ ሲያገኝ፣ ማለትም ከገዛ ወንድሙ ጋር፣ ማንም ገልብጦ በማያየው ቃል ላይ፣ ጥንቃቄው አለቀ።

ለወንድሙ የሚገባው ከሁለቱ አንዱ ነበር። ወይ አንድ ሜትር ከሃያ ቆዳ፣ በሁለት ጫፉ የተሰፋ፣ «ከማንገትህ በፊት ጥይቱን አውጣ» ከሚል ቃል ጋር፤ ወይ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን፣ ሜትሩን ከማውረዱ በፊት፣ ፊት ለፊት፣ «አልሠራልህም» የሚል መልስ።